በበርበሬ መጋዘን የተመዘንኩበት ቀን

ኪሎዬን ለማወቅ የተነሳሁት በአርባ ሁለት ዓመቴ ነው። ያወቅሁት ደግሞ በበርበሬ መጋዘን ውስጥ፣ ምንጣፍ ላይ በተቀመጠ ወንበር ላይ ተቀምጬ፣ ሃያ የሚሆኑ ሰዎች ዙሪያዬን ከበው ሲያስነጥሱ ከቆዩ በኋላ ነው። እንዴት እዚያ እንደደረስኩ ልንገራችሁ።

ስሜ ሰሚራ ነው። ቡታጅራ ከመናኸሪያው ብዙ ሳይርቅ የጨርቅ ሱቅ አለኝ። ያኔ ወፍራም ነበርኩ፤ ዛሬም ወፍራም ነኝ። ይህን ከወዲሁ የምነግራችሁ መጨረሻው ላይ ቀጥኜ እገኛለሁ ብላችሁ እንዳትጠብቁ ነው።

በእኛ ሰፈር ውፍረት ነውር ሆኖ አያውቅም። ከሠርጌ በኋላ መወፈር ስጀምር ምስጋናው ለባለቤቴ ለኑረዲን ነበር፤ ሚስቱን በደንብ ያዛት ተባለ። ደንበኞቼ «ማሻአላህ፣ ተመችቶሻል» ይሉኛል። እውነት ለመናገር ተመችቶኝም ነበር። የምስቀው ከልቤ ነው፤ የምበላውም ከልቤ ነው። አንድ የምፈራው ነገር ቢኖር ሚዛን ነበር። ሁለተኛ ልጄን ባረገዝኩ ጊዜ አንዲት ነርስ ኪሎዬን ከኮሪደሩ ጫፍ ሆና ሌላው ጫፍ ላይ ለምትጽፈው ጓደኛዋ ጮክ ብላ ነገረቻት። ወረፋ የሚጠብቀው ሰው ሁሉ ዞሮ አየኝ፤ አንዳንዱም ሳቀ። ልጁን በሰላም ወለድኩና ከዚያ በኋላ ለአሥራ አንድ ዓመት የጤና ተቋም በር አልረገጥኩም። ሲያመኝ ከፋርማሲ ክኒን አስገዛለሁ፤ ሲብስብኝ ዱዓ አደርጋለሁ።

ሕመሙ የጀመረኝ እንሴኖ አንድ ሠርግ ላይ ክትፎ በልቼ በተመለስኩ ማግስት ነው። በቀኝ በኩል ከጎድኔ ሥር እንደ ቡጢ ይጨመድደኛል። ጨጓራ ነው ብዬ ለወራት ተልባ ጠጣሁ። አንድ ቀን ግን ለአንዲት ደንበኛ ሦስት ሜትር ጨርቅ እየቆረጥኩ ሳለ ያዘኝና መቀሱ ወደ ጎን ሄደ፤ እኔም ጨርቁን እንደያዝኩ መሬት ላይ ተቀመጥኩ። ኑረዲን በወልቂጤ መስመር ሚኒባስ ነው የሚሠራው። በዚያው ሳምንት ከወልቂጤ ሲመለስ የእህቴን ልጅ ሀያትን ይዟት መጣ፤ እሷ ካልወሰደችኝ ሆስፒታል እንደማልሄድ ያውቃል።

ሀያት ወልቂጤ ዩኒቨርሲቲ የሦስተኛ ዓመት ተማሪ ናት። የቤተሰቡ አጥንት አለባትና እሷም ሞላ ያለች ናት። በስልኳ ሰው ሰውነቱን እንዲወድ የምትሰብክበት ገጽ አላት፤ ብዙ ተከታይም አፍርታለች። ወፍራምን ማሸማቀቅ ይብቃ፣ ልብሱ ለሰው ይሰፋ እንጂ ሰው ለልብስ አይጥበብ ትላለች። መቼም ሰዎች አምሮብሻል ሲሉኝ ኖረዋል፤ ግን መስታወት ፊት አቁማ ይህ ክንድሽ ቆንጆ ነው፣ ይህ አንገትሽ ቆንጆ ነው ብላ በዝርዝር የነገረችኝ እሷ ብቻ ናት። ስለዚህ እሷ ስትለኝ ሄድኩ። አልትራሳውንድ ተነሳሁ፣ ታየሁ፤ የሐሞት ከረጢቴ በጠጠር ተሞልቷል ተባልኩ። ሐሙስ ጠዋት ቀዶ ጥገና እንዲሠራልኝ ተወሰነ፤ ረቡዕ ደግሞ ለዝግጅት እንድመጣ ተነገረኝ።

ረቡዕ ጠዋት ሚዛኑ መጣ።

እንደ ግድግዳ ሰዓት ክብ ፊት ያለው ትንሽ ሚዛን ነበር። ዓይኔን ጨፍኜ ወጣሁበት። በኋላ ሀያት እንደነገረችኝ ቀዩ መርፌ ተነስቶ ሄደ፣ ሄደ፣ መጨረሻው ላይ ያለውን መቶ ሃምሳን አለፈ፣ ዜሮን ተሻገረና እንደገና ከመጀመሪያው ጀምሮ ትንሽ ሄዶ ቆመ። የምትመዝነኝ ተለማማጅ ነርስ ጎንበስ ብላ ያየችውን ካርዴ ላይ ጻፈች። አሥራ ሦስት ኪሎ።

ካርዱ እጅ በእጅ ዞሮ ሰመመን የሚሰጠው ባለሙያ ዘንድ ደረሰ። በድሉ ይባላል። ከጎጃም መጥቶ እኛ ከተማ የሚሠራ፣ ድምፁ ዝቅ ያለ፣ ነፋስ ቢነፍስ የሚወስደው የሚመስል ከሲታ ወጣት ነው። ካርዱን አየ፤ እኔን አየ፤ እንደገና ካርዱን አየ።

«ወይዘሮ ሰሚራ፣ በዚህ ካርድ መሠረት የሁለት ዓመት ሕፃን ነዎት» አለኝ፤ ፊቱ ላይ የሳቅ ምልክት አልነበረም።

ሀያት መቶ ሃምሳ ደምርበትና ጨርስ አለችው። እሱ ግን ሚዛኑ ከአቅሙ በላይ ከተጫነ በኋላ የሚያሳየው ቁጥር እንደማይታመን አስረዳ። ያኔ ክርክሩ ተጀመረ። ሀያት ሆስፒታሉ ለወፍራም ሰው የሚሆን ሚዛን አለማስቀመጡ በራሱ ወፍራም ሰው አትምጡብን ማለት ነው አለች። በድሉ ልክ ነሽ አላት። ሀያት ልክ ነሽ ትባላለች ብላ ስላልጠበቀች ትንሽ ተደናገረችና ወደ ሌላ ዞረች፤ አክስቴ ቁጥር አይደለችም፣ እንዲሁ ስትታይ ታምራለች፣ ኪሎዋን ካላወቅን ብሎ ሙጭጭ ማለት ምን ይባላል አለችው።

«እኔ አያምሩም አላልኩም» አለ በድሉ። «ስንት እንደምወጋቸው ነው ያላወቅሁት።»

ከዚያ ወደ እኔ ዞሮ ቀስ ብሎ ነገረኝ። መድኃኒቱ የሚለካው በኪሎ ነው። ካነሰ ሐኪሙ እየሠራኝ እነቃለሁ፤ ከበዛ አልነቃም ይሆናል። የቀዶ ጥገናው ጠረጴዛም የሚችለው መቶ ሰማንያ ኪሎ ድረስ እንደሆነ ጎኑ ላይ ተጽፎበታል፤ ከዚያ በላይ ከሆንኩ ወደ ሌላ ቦታ መላክ አለብኝ። በግምት አላስተኛዎትም አለኝ። ውፍረቴን በተመለከተ በሕይወቴ ሙሉ ሰው ወይ ሲያሞግሰኝ ወይ ሲስቅብኝ ነው የኖርኩት። እንዲህ እንደ ሥራ ጉዳይ ያነጋገረኝ ሰው አልነበረም። ፈራሁ፤ ግን አላፈርኩም።

ትልቅ ሚዛን የት ይገኛል የሚለው ጥያቄ ኮሪደሩን አዳረሰው። የጽዳት ሠራተኛዋ ቄራ እንድሄድ መከረች፤ የሥጋው ሚዛን በሬ ይችላል አለች። የሀያት ፊት ሲለዋወጥ ያየ አንድ ታማሚ ቶሎ ብሎ የሐጂ ሙዘይን የበርበሬ መጋዘን ቅርብ እንደሆነ ተናገረ። ከሥጋና ከበርበሬ ምረጪ ብባል ምን እላለሁ? በርበሬን መረጥኩ። በድሉ ቁጥሩን በዓይኔ ካላየሁ አልጽፍም ብሎ ጋውኑን አውልቆ ተከተለን። እኔ በአንድ ባጃጅ፣ እነሱ በሌላ ባጃጅ ሆነን ሄድን።

በርበሬ የሚገባበት ወቅት ነበር። ጆንያው እስከ ጣሪያው ተደርድሯል፤ አንድ ጥግ ላይ ሴቶች ተቀምጠው በርበሬ ይቀነጥሳሉ፤ መሀል ላይ ሰፊ ብረት ወለል ያለው፣ ቁጥሩን በቀይ መብራት የሚያሳይ ሚዛን አለ። ሐጂ አባቴን የሚያውቁ ትልቅ ነጋዴ ናቸው። አሰላሙ አለይኩም ተባብለን ጉዳያችንን ስንነግራቸው ከፋቸው። የአባቴን ልጅ ጆንያ በሚወጣበት ብረት ላይ አላወጣም አሉ። በድሉ ለመናቸው፤ ነገ ጠዋት ቀዶ ጥገና አለባቸው አላቸው። ጥቂት አሰቡና ተስማሙ፤ ግን በክብር ከሆነ ብቻ ነው አሉ።

ክብሩ እንዲህ ሆነ። በመጀመሪያ ብረቱን ጫማዬ እንዳይነካው ከቤታቸው ምንጣፍ አስመጡ። መዛኙ ሽኩር የሚባል ኮስታራ ሰው ነው፤ ምንጣፉ መመዘን አለበት አለና መዘነው። አራት ኪሎ። ቀጥለው ሐጂ እንግዳ ቆሞ አይመዘንም አሉና ከቢሯቸው ወንበር አስወጡ። ሽኩር ወንበሩንም መዘነው። ስድስት ኪሎ። ከዚያ አንድ ሰው ውሃ ይዞልኝ መጣ፤ ሽኩር የውሃውን ጠርሙስ እያየ ሲያመነታ ሐጂ በዓይናቸው ገሠጹትና ተወው። እኔ ምንጣፍ ላይ፣ ወንበር ላይ፣ እንደ ሙሽራ ተቀመጥኩ። ሰው ሥራውን እያቆመ ከበበኝ።

ሽኩር ወረቀቱንና እስክሪብቶውን አዘጋጅቶ ወደ ሐጂ ዞረና «የእርጥበት ይቀነስ?» ብሎ ጠየቀ። የቀለደ መስሎኝ ነበር። አልቀለደም፤ ያልደረቀ በርበሬ ሲመዝን ለውሃው የሚቀንሰው አለና ከልማዱ ነው።

ቁጥሩ ሊረጋ ሲል አስነጠሰኝ። መብራቱ ላይ መቶ ዘጠና ስምንት ታየ። መለስ ሲል ደግሜ አስነጠስኩ፤ መቶ ስልሳ ሆነ። የተቀነጠሰው በርበሬ ብናኝ አየሩን ሞልቶታል፤ የቤቱ ሰዎች ለምደውታል፣ እኛ ሦስታችን ግን አልለመድነውም። በድሉ ዓይኑ እንባ አቅርሮ በየመሀሉ ቁጥር ሊጽፍ ይሞክራል፤ ሲያስነጥስ እስክሪብቶው ይወድቅበታል። ከውጭ የገቡት ተመልካቾችም ተራ በተራ ጀመሩ። እያንዳንዱ ሲያስነጥስ ሌሎቹ «የርሐሙከላህ» ይሉታል፤ ሳይጨርሱ ሌላው ይቀጥላል።

እየጠበቅን ሳለ ክርክሩ እዚያም ተነሳ። አንድ ተሸካሚ ይህ እኮ ጤና ነው፣ በሽተኛ ማየት የፈለገ ይህን ልጅ ይየው ብሎ በድሉን አሳየ። በድሉ መልስ ሊሰጥ ሲል ሳል ያዘው፤ ሰው ሁሉ ተሸካሚውን አመነ። ከአዲስ አበባ በርበሬ ሊጭን የመጣ ሌላ ነጋዴ ደግሞ እንጀራና ስኳር ካቆመ በኋላ እንዴት እንደቀለለው እየተረከ፣ ሆዱን እየመታ፣ በሠላሳ ቀን እንዴት እንደምቀጥን ይመክረኝ ጀመር። ሀያት ስልኳን አውጥታ በቀጥታ እያስተላለፈች ተፋጠጠችው። ለአክስቴ ምክር ስጥ ያለህ አለ ወይ አለችው። ሐጂ ደግሞ ስብም ክሳትም ከአላህ ነው ብለው ሊያስታርቁ ሞከሩ። ሁሉም ይናገራል፣ ሁሉም ያስነጥሳል። እኔ መሀላቸው ከፍ ብዬ ተቀምጫለሁ። ስለ እኔ ሰውነት ሐሳብ የሌለው ሰው እዚያ አልነበረም፤ የሚያሳዝነው ማንም ወደ እኔ ዞሮ አንቺስ ምን ትያለሽ አላለኝም። ጉሮሮዬ ደርቆ ውሃውን ጨረስኩና ሌላ ለመንኩ፤ እሱንም ጨረስኩ።

ከሌሎቹ ሴቶች ተለይታ ከእግሬ አጠገብ በርበሬ የምትቀነጥስ ወርቅነሽ የምትባል ሴት ነበረች። በእኔ ዕድሜ ትሆናለች፤ ከሁሉም ሰው ሥራዋን ያላቋረጠችው እሷ ብቻ ናት። ሁለተኛውን ጠርሙስ ሳስቀምጥ ራሷን ሳታነሳ ለእኔ ብቻ በሚሰማ ድምፅ ተናገረች።

«እህቴም እንዲህ ነበር የሚጠማት።»

ምን ሆና ነው አልኳት።

«ስኳር ነበረባት። እንዳንቺ ወፈር ያለች፣ ሳቂታ ነበረች። ሁላችንም አማረብሽ እንላት ነበር። እግሯ ቆስሎ አልድን ሲላት ነው ያወቅነው።»

«አሁንስ?»

«ቀበርናት» አለችና የቀነጠሰችውን ፍሬ ክምሩ ላይ ወረወረችው።

የጨረስኳቸውን ጠርሙሶች አየኋቸው። ላለፈው አንድ ዓመት ማታ ማታ ለውሃ እንደምነሳ ለማንም ተናግሬ አላውቅም። ሙቀት ነው እያልኩ ነበር።

ሀያትን ስልኩን እንድታጠፋው ነገርኳት። ሰው እየተማረበት ነው አለችኝ። እኔ ግን እየተመዘንኩ ነው፣ አጥፊው አልኳት። እንዲያ ባለ ድምፅ አናግሬያት አላውቅም፤ አጠፋችው። ከዚያ ሐጂን ቤቱን እንዲያስለቅቁልኝ ለመንኳቸው። እሳቸውም ከእኛ፣ ከወርቅነሽና ከሽኩር በቀር ሁሉንም አስወጡ፣ ሁለቱንም በር አስከፈቱ፣ ወለሉ ላይ ውሃ አስረጩ። ብናኙ እስኪወርድ ጠበቅን። እኔም ትንፋሼን ውጬ ተቀመጥኩ፤ ዓይኔን ግን አልጨፈንኩም። ቀዩ ቁጥር ወዲያና ወዲህ ብሎ ረጋ። መቶ ሰማንያ አንድ። ሽኩር የምንጣፉንና የወንበሩን ቀንሶ መቶ ሰባ አንድ አለ። በድሉ ጻፈው። ለእርጥበት ምንም አልተቀነሰልኝም።

ጠረጴዛው ይችለኛል ማለት ነው። ሀያት እፎይ ብላ አቀፈችኝ። በድሉ ግን ባዶዎቹን ጠርሙሶች እያየ ነበር። ሁልጊዜ እንዲህ ይጠማዎታል ወይ ብሎ ጠየቀኝ። አዎ አልኩት፤ ስለ ማታውም ነገርኩት።

ሆስፒታል እንደተመለስን ጣቴን ወጋና አንዲት ጠብታ ደም ወሰደ። የደም ግፊቴን ሊለካ ክንዴ ላይ የጠመጠመው ጨርቅ አየር ሲገባበት በፍንዳታ ተፈትቶ የተለማማጇን ወረቀት በተነው፤ ከሌላ ክፍል ሰፋ ያለ ፈልገው እስኪያመጡ ሌላ ግማሽ ሰዓት ሄደ። ሲጨርስ በድሉ አጠገቤ ወንበር ስቦ ተቀመጠ። ስኳሬ በጣም ከፍ ብሏል፤ ግፊቴም እንዲሁ። በዚህ ሁኔታ ነገ አላስተኛዎትም፣ ሐኪሙም ተስማምቷል አለኝ። ቁስሉ ላይድን ይችላል፤ ሌላም አደጋ አለው። መድኃኒት ጀምሬ ስኳሩ ሲወርድ እንደሚሠራልኝ ነገረኝ።

ሀያት ደጅ ወጥታ አለቀሰች። ተከትያት ስወጣ ግድግዳ ተደግፋ ነበር። እኔ ነኝ ጥፋተኛዋ፣ እንደዚሁ ቆንጆ ነሽ እያልኩ አዘናጋሁሽ አለችኝ።

«ሀያት፣ ሆስፒታል ያመጣሽኝ አንቺ ነሽ» አልኳት። «ቆንጆ ነሽ ያልሽኝም ውሸት አይደለም። ስኳሩም ውሸት አይደለም። ሁለቱንም ይዤ ነው የምኖረው።»

ከሰዓት በኋላ ኑረዲን ደወለ። ወልቂጤ መናኸሪያ ላይ አንድ ሰው ሚስትህ ቡታጅራ ሦስት ኩንታል መዘነች ብሎ ነግሮት ተደናግጦ ነበር። ሌላ ሰው ደግሞ ስለት አለባት፣ በክብደቷ ልክ በርበሬ ልታስገባ ነው ብሎታል። የቱ ነው እውነቱ ብሎ ጠየቀኝ። ስኳር አለብኝ አልኩት። እየመጣሁ ነው አለኝ።

ቀዶ ጥገናው የተሠራልኝ ከስድስት ሳምንት በኋላ ነው። በድሉ ከላዬ ቆሞ ኪሎዬን እንደገና ከካርዱ አነበበ፤ የልጆቼን ስም ሲጠይቀኝ የሁለተኛውን ሳልጨርስ ተኛሁ። ነቃሁ። ይኸው ነው፤ ብዙ የሚተረክ የለውም፤ ይህ ሁሉ የተደረገውም ብዙ የሚተረክ እንዳይኖረው ነው።

እናንተ ይህን የምታነቡ ሰዎች፣ ከሁለት ወገን የአንዱ ደጋፊ እንደምትሆኑ እገምታለሁ። ወፍራም ሰው ሲያዩ ስለ ጤናው ብለው የሚናገሩ አሉ። እኔ ግን ስለ ጤናዬ ተብሎ ከተሳቀብኝ ቀን ጀምሮ አሥራ አንድ ዓመት ጤናዬን ሳላይ ኖሬአለሁ፤ ስለዚህ ለእነሱ የማመሰግነው ነገር የለኝም። ደግሞ ተመችቶሻል እያሉ የሚያልፉ አሉ። እነሱን እወዳቸዋለሁ፤ ግን በፍቅራቸው መሀል ምን ያህል ውሃ እንደምጠጣ የጠየቀኝ የለም። ያስተዋለችው በርበሬ የምትቀነጥስ፣ ስሜን እንኳ የማታውቅ ሴት ናት። እሷንም ያስተማራት የእህቷ ሞት ነው። አሁን ወርቅነሽና እኔ ቅዳሜ ቅዳሜ አብረን በእግራችን ወደ ቡኢ በሚወስደው መንገድ ትንሽ እንሄዳለን። ትንሽ ቀንሻለሁ፤ ብዙ አይደለም። ክኒኔን እወስዳለሁ፤ ክትፎውንም ጨርሼ አልተውኩትም፤ ቆጮውን እንደ ድሮው አልከምረውም እንጂ።

ሀያት ገጿን አልዘጋችም። አንድ ቀን ራሷ ጣቷን ወግታ ስኳሯን ስትለካ አሳየች። ደህና ነው፤ አልሐምዱ ሊላህ። በዚያ ቀን ከዳሽን ብለው ጥለዋት የሄዱ ተከታዮች አሉ። ውፍረትን ታስፋፊያለሽ ብለው የሚሰድቧት ደግሞ ዛሬም አሉ። ስድቡን ከሁለቱም ወገን እያነበበችልኝ አብረን እንስቃለን።

ባለፈው ሰኞ አንዲት ወጣት ሱቄ ገባች። ሰፋ ያለች፣ ሻርፗን በሆዷ ላይ የምትጎትት ልጅ ናት። ጨርቅ አስወረደችኝ፣ አየች፣ ሌላ አስወረደችኝ። ደንበኛ ከሃያ ዓመት በላይ ሳይ ስለኖርኩ ጨርቅ ፈልጋ እንዳልመጣች ገባኝ። ሌሎቹ ሲወጡ ጠብቃ የበርበሬ መጋዘን የሄድሽው አንቺ ነሽ ወይ ብላ ጠየቀችኝ። አዎ አልኳት። ብዙ ጊዜ እንደሚያዞራት፣ እናቷ እንድትታከም ብትነግራትም መመዘኑን ፈርታ እንደቀረች ነገረችኝ። እንዴት ነበር አለችኝ።

የወረዱትን ጨርቆች አጣጠፍኩ፣ ሱቁን ቆለፍኩ፣ ክንዷን ያዝኩ። ወደ ሆስፒታሉ ስንሄድ መንገድ ላይ ኪሎዬን ነገርኳት። የእሷን አልጠየቅኋትም።